ከአማኑኤል በፊት ጤና ጣቢያ

ለሰንጋ ተራ ነዋሪ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ጥቁር አንበሳ በእግር ይደረሳል፣ ዘውዲቱ እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ አእምሮ ሕክምና እጥረት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የርቀት ጉዳይ የገጠሩን ሰው እንጂ የዚህን ሰፈር ሰው የሚመለከት አይመስልም። ሆኖም በከተማው እምብርት የሚኖር ሰው ለወራት እንቅልፍ ቢያጣ፣ እህል ቢያስጠላው፣ ከአልጋው ተነስቶ ሥራ መግባት ቢያቅተው፣ ቅርብ ነው ብሎ አማኑኤል አይሄድም። ስሙ ያስፈራዋል። «አማኑኤል ታይቷል» የሚል ወሬ ከጎረቤት ጆሮ ከገባ ለልጅ ትዳር፣ ለራስም እንጀራ ጦስ እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያም ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ተነሳብኝ፣ ልቤ ይመታል ይላል እንጂ ተጨንቄያለሁ አይልም። ይህ ሰው መታከም ያለበት እግሩ ባደረሰው በዚያው ጤና ጣቢያ፣ በዚያው ካርድ፣ በዚያው ክፍል ነው።

ዛሬ የሚገጥመውን እናስብ። ካርድ ያወጣል፣ ትሪያጅ ላይ ሙቀቱና ደም ግፊቱ ይለካል፣ ወረፋ ጠብቆ ተመላላሽ ክፍል ይገባል። ባለሙያው የደምና የሰገራ ምርመራ ያዝለታል። ውጤቱ ደህና ነው ሲባል የጨጓራ መድኃኒትና ማስታገሻ ተጽፎለት ይሸኛል። ከሳምንታት በኋላ በዚያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ማስታገሻ ይጨመርለታል። በዚህ ሁሉ መሐል ስለ እንቅልፉና ስለ ተስፋው የጠየቀው የለም። ለጥያቄው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ድባቴን ለመለየት የሚያገለግለው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። የጎደለው መጠይቁን ማንሳት የማን ሥራ እንደሆነ የሚወስን አሠራር ነው።

አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ያን ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት በአብዛኛው ከሌላው ሕክምና ተለይቶ በአንድ አጥር የተከለለ ነገር ነበር። የመለየቱ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ቡታጅራ ላይ ታይቷል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አገኙ። ከሟቾቹ ግማሽ የሚሆኑትን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችል በሽታ የአእምሮ ሕመምተኛ ስለሆኑ ሳይታከምላቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አእምሮንና አካልን በአንድ ጣሪያ ሥር ማከም የሕይወት ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጤና ጣቢያ ይህን ይችለዋል ወይ ለሚለውም መልስ አለን። በጉራጌ ሶዶ ወረዳና በአካባቢው ከ300 በላይ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ከፊሎቹ በሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ክትትል ተደረገላቸው። ከዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ከሌሎቹ የባሰ ሁኔታ ላይ አልነበሩም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ይህ ከውጭ የተዋስነው ምክር አይደለም፤ በራሳችን ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ በራሳችን ሕሙማን ላይ የታየ ነው።

ብዙ ሐኪሞች ግን ከልባቸው ይሰጋሉ። ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ባይፖላርን ከድባቴ ለይቶ ሳያውቅ መድኃኒት ቢጀምርስ? ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄደንበታል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር የሐኪምና የሆስፒታል ሥራ ነበር። መርዛማ ነው፣ ቫይረሱ ይለማመደዋል፣ ነርስ እጅ ላይ አይውልም ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሰጡት፣ የመቶ ሺዎች ሕይወትም ተረፈ። በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ የነበረው ዘውዲቱ ሆስፒታል እዚሁ ቂርቆስ ነውና ለሰፈሩ ሰው ታሪኩ አዲስ አይደለም። ያን ጊዜ የተሳካው ባለሙያው ስለሠለጠነ ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ እንዳይጠፋ ይጠበቅ ነበር፤ የራሱ መዝገብና ሪፖርት ነበረው፤ ከሆስፒታል እየመጣ አጠገብ ተቀምጦ የሚያርም ሐኪም ነበር፤ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ነበር። ከባዱን ሕመምተኛ ወደ ላይ መላክ፣ ሲረጋጋ ደግሞ ወደ ታች መመለስ የታወቀ አሠራር ሆኖ ነበር። አማኑኤል አያስፈልግም የሚል የለም፤ ለአስቸኳዩና ለውስብስቡ ሕመም እንዲተርፍ ሌላውን ታች እናክመው ነው የምንለው።

በአእምሮ ጤና በኩል የሠራነው ግን ሥልጠናውን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውን፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያደርግ ፕሮግራም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 መሞከር ጀመረች፤ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ፖሊሲ አልጎደለንም። በሶዶ ጤና ጣቢያዎች የተሞከረው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ራሱ ጉድለታችንን ያሳያል፦ በጽኑ የታመሙት አብዛኞቹ ጤና ጣቢያ ደረሱ፣ ጥቂት የማይባሉት ግን ክትትሉን አቋረጡ፤ በድባቴ የሚሠቃዩት ደግሞ በሠለጠነ ባለሙያ ፊት ተቀምጠው እንኳ አብዛኞቹ ሳይለዩ ተመለሱ። ለጥቂት ቀናት ሠልጥኖ የተመለሰ ነርስ በወራት ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፣ ወይም ሥራ ይለቃል፤ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ሲያልቅ ታካሚው ከግል ፋርማሲ ግዛ ይባላል፤ ገንዘብ ያጠረው ያቋርጣል፣ ካቋረጠ ይገረሽበታል። ሲገረሽበት ዘመድ ይዞት አማኑኤል ይሄዳል፤ ከዚያ «ጤና ጣቢያው አልቻለም» ይባላል። ጤና ጣቢያው ግን በቅጡ አልተሞከረም።

የሥራ ጫናም ይነሳል። አንድ ባለሙያ በቀን የሚያየው ሰው ብዛት ያሳዝናል፣ ጭማሪ ይችላል ብዬ አላቃልለውም። ነገር ግን ይህ ታካሚ አሁንም ወረፋው ላይ ነው። ያለ ፍሬ እየተመላለሰ ሦስት አራት ጊዜ የሚወስደው ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በትክክል ተጠይቆ ቢታወቅ ከሚወስደው ይበልጣል። ሁሉም መድኃኒት አያሻውም፤ ብዙው ሰው የሚያስፈልገው የሚያዳምጥ የሠለጠነ አማካሪና ቀጠሮ ነው። ወሊድ ክትትል ላይ ያለችውን እናት፣ የስኳርና የቲቢ ታካሚውን በያሉበት ክፍል መጠየቅ ሌላ ሕንፃ አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፦ ሰው የሚጨነቀው በኑሮ ነው፣ ኪኒን ኪራይ አይከፍልም የሚለው። እውነት አለው። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የተዛወረ ቤተሰብ ከቤቱ ጋር ዕድሩን፣ ደንበኛውን፣ ቡና የሚጠራራውን ጎረቤት አጥቷል፤ ይህን ሐዘን በሽታ ብሎ መሰየም ስሕተት ነው። ግን ከዚያ ቤተሰብ መካከል አንዱ በመድኃኒት የሚኖር ሰው ከሆነ፣ አዲሱ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን ካልያዘ ከቤቱ ጋር ሕክምናውንም ያጣል። ኑሮን ማሻሻልና ሕመምን ማከም አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ጠበልም እንዲሁ ነው፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል።

የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ከቂርቆስ ይጀምር። በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ከቦታቸው ሳይነሱ ይመደቡ፤ መሠረታዊዎቹ የአእምሮና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንደ ደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ይቆጠሩ፣ ሲጎድሉም ተጠያቂ ይኑር፤ ከአማኑኤል ወይም ከጥቁር አንበሳ አንድ ባለሙያ በወር አንድ ቀን መጥቶ ካርዶቹን አብሯቸው ይይ። የወረዳው ምክር ቤትም የጤና ሪፖርት ሲቀርብለት በድባቴ ስንት ሰው ተለይቶ ስንቱ ክትትል ላይ እንዳለ ይጠይቅ።