ደጋፊም ገበያ ነው

ነጋዴ ስለ ገበያ ስፋት ሲያስብ አስቀድሞ የሚቈጥረው የከተማውን ሕዝብ ብዛት ነው። ይህ ልማድ ለእህልም ለጨውም የሚያገለግል ቢሆንም፥ በስፖርት ቡድን ዙሪያ የሚሰበሰበውን ገበያ ለመለካት ግን አይበቃም።

በአሜሪካ አገር በካንሳስ ግዛት ሎውረንስ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ መቶ ሺህ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚጫወትበት አዳራሽ ከ15,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። የቡድኑ የመጀመሪያ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1891 ጨዋታውን የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝ ነበር፤ የሚያስደንቀው ግን በቡድኑ ታሪክ ካሸነፈው የተሸነፈው የበዛበት አሠልጣኝ እርሱ ብቻ መሆኑ ነው። ተማሪው ተመርቆ ወደ ሩቅ አገር ቢሄድም የቡድኑን ቀለም አይተውም፤ ገበያውም አብሮት ይጓዛል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ተከታይ ያለው የኮሌጅ ሳይሆን የእግር ኳስ ክለብ ነው። ለነጋዴ የሚቀርበው ምሳሌም ስሙን ከንግድ ዕቃ የወሰደው፥ ቀድሞ ቡና ገበያ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ነው። የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. ቢሆንም፥ ደጋፊው ዋንጫ በሌለበት ዓመት ሁሉ ቡናማና ቢጫ ለብሶ ከመውጣት አላቋረጠም። ዋንጫ ስለ ጠፋ የማይሸሽ ደንበኛ ያለው ነጋዴ ስንቱ ነው? ደግሞም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተካሄዱ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ፥ ገበያው ከስታዲየሙ በር ወጥቶ ደጋፊው ወዳለበት ሁሉ ተበትኗል።

ይህ ነገር መንዝንና ግሼን ምን አገባው የሚል አይጠፋም። በዚያ ደጋ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔዎችም ባናና ዝተት ይሠራሉ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ በርካሽ በመጣ ጊዜ ግን የእጅ ሥራው ገዢ እየሳሳ ሄደ። ነጋዴውም ለኳስ ቡድን ማልያ መግዣ ርዳን ሲባል እንደ ምጽዋት ጥቂት ብር ይሰጥና ነገሩን ይረሳዋል። ምጽዋት መስጠት መልካም ነው፤ ንግድ ግን አይደለም።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ስለ ሆነ ለአንገት ልብስ አይመችም፤ አንገት ይፈጃል። ይህን ሸሽጎ መሸጥ ደንበኛን አንድ ቀን ብቻ ማግኘት ነው። ለመቀመጫ ምንጣፍ ግን ሻካራነቱ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ የስታዲየም ደረጃ ሲሚንቶ ነውና ሁለት ሰዓት የተቀመጠበት ሰው ያውቀዋል። በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚያየውም ምንጣፉን በመደቡ ላይ ያነጥፈዋል።

ከዚህም በላይ ከመንዝ በጎች ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው። እንግዲህ የቡናው ደጋፊ የሚሻው ቀለም በበጉ ጀርባ ላይ አለ። የክለቡን ዓርማ ለማኖር የክለቡን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው፤ ለመጀመሪያውም ጊዜ ሃያ ሠላሳ ምንጣፍ አሠርቶ መሞከር ይበቃል። ጭነት ሙሉ ይዞ አዲስ አበባ መውረድ የችኩል ሥራ ነው።

ዋናው ጉዳይ ጠጉሩ የሚገዛበት ሥርዓት ነው። ነጋዴው መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ቡናማውን ከጥቁሩ ለይታ ለምታቀርብ ፈታይ ጭማሪ ዋጋ ካልከፈለ፥ ለይታ የምታቀርብበት ምክንያት የላትም። ተቀላቅሎ የመጣውን ጠጉር ደግሞ ሸማኔው በማቅለሚያ ማስተካከል ይኖርበታል፤ የማቅለሚያውም ዋጋ ከጭማሪው ሊበልጥ ይችላል።