ቆማ የምታረጅ መኪና

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው አነጋገር አለ። ይኸውም «መኪናችን ገና አዲስ ናት፤ ብዙ አልሄደችም» የሚል ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም ገንዘብ ያዥ ይህን ሲናገር በኩራት ነው። የአባላትን ንብረት በቁጠባ መያዙን ማስረዳቱ ስለሆነ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እኛ በዚህ አባባል አንስማማም። መኪና በመሄድ እንደምታረጅ ሁሉ በመቆምም ታረጃለች፤ አንዳንዱ ክፍሏም ከመሄድ ይልቅ በመቆም ፈጥኖ ይበላሻል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በሚገኝ አንድ ማኅበር ያየነው ነገር ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ማኅበሩ አንዲት ደብል ጋቢና ፒካፕ አለችው። በግንቦት ወር የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭት ሲጀመር ሊያስነሷት ቢሞክሩ ባትሪዋ ሞቷል። ባትሪ ተውሰው ሲያስነሷት ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ የናፍጣ ፊልትሮው ውኃ ሞልቶት ነበር። ይህ ተስተካክሎ እንደ ገና ስትነሣ ደግሞ የኋላ ፍሬኗ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። የአየር ማጣሪያው ሲከፈት የአይጥ ጎጆ ተገኘበት። የቆመችው ከበቆሎ መጋዘኑ ጥግ ስለሆነ አይጦቹን መውቀስ አይቻልም። በዚህ ሁኔታ አንድ ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አለፈ። መሬቱን አለስልሶ ዝናቡን ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ዘሩን በአህያ ጫነ፤ አህያ የሌለው በትከሻው ተሸከመ። የመኪናዋ ቆጣሪ ሲታይ አርባ ሺህ ኪሎሜትር እንኳ አልሞላም።

ዘይቷ መቼ እንደተለወጠ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «አምስት ሺህ አልሞላችም» የሚል ነበር። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። የአምራቾች መመሪያ መጽሐፍ ለዘይት ለውጥ ሁለት ልክ ይሰጣል፤ አንዱ ኪሎሜትር፣ ሁለተኛው ወር ነው። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይፈጸማል ይላል። በእኛ አገር ግን ኪሎሜትሩ ብቻ በቃል ሲተላለፍ ወሩ ተረስቶ ቀርቷል። በወር 300 ኪሎሜትር የምትሄድ መኪና 5,000 ኪሎሜትር ለመሙላት አሥራ ሰባት ወር ገደማ ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ክረምት ሊያልፍባት ይችላል።

ዘይቱ ሳይሠራ እንዴት ይበላሻል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጡት ነገሮች አንዱ የውኃ እንፋሎት ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህ እንፋሎት ተንኖ ይወጣል። መኪናዋ ከመጋዘን እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ብቻ ሄዳ የምትቆም ከሆነ ግን ዘይቱ ሳይግል ስለምትጠፋ ውኃው እዚያው ይቀራል። ካልተቃጠለ ናፍጣና ከጭስ ጋር ተደባልቆ አሲድነት ያመጣል፤ ብሮንዚናውንና ሌላውን ብረት ቀስ እያለ ይበላል። ስለዚህ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ረዥም መንገድ ከምትሄደው ይልቅ ዘይት ቶሎ ሊለወጥላት ይገባል እንላለን። ይህን ስንል የሚስቁብን ሹፌሮች አሉ። ይሳቁ፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ሹፌር ደግሞ መኪናዋ እንዳትበላሽ ብሎ በየማለዳው ሞተሯን አስነሥቶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ባለችበት ካሠራት በኋላ ያጠፋታል። አሳቡ መልካም ቢሆንም ጥቅሙ እምብዛም ነው። ሞተሩ ሳይግል ይጠፋል፤ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ምንም አልተንቀሳቀሱም። ባትሪውም ሞተሪኖው የወሰደበትን ኃይል መልሶ አላገኘም። ከዚህ ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን እውነተኛ መንገድ ብትሄድ ይበጃታል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው 25 ኪሎሜትር ገደማ ለዚህ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ዋናውን አሳባችንን እንናገራለን። መኪናዋ በሳምንት አንድ ቀን የምትሄድ ከሆነ ለምን ባዶዋን ትሄዳለች? የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከቀበሌ ቀበሌ በእግራቸው ሲጓዙ ፒካፗ በጓሮ ተቆልፋ እንግዳ እስኪመጣ የምትጠብቅበት ማኅበር ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የታወቀ ዙር ይኑራት። የአፈር ናሙናም ሆነ የዘር ከረጢት ትጫን፤ ወደ ቋሪትም ሆነ ወደ ወምበርማ የሚሄድ ባለሙያ ይሳፈርባት። መኪናዋም ትድናለች፣ ሥራም ይሠራል። ናፍጣ በሚታጣበትና መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ አስቸጋሪ መሆኑን አንክድም። መንቀሳቀስ በማይቻልበት ወቅት ቢያንስ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ። ሲለካ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ ከ12.4 በታች ሆኖ ለሳምንታት ከቆየ ግን ውስጡ እየደነደነ ይሄድና በኋላ ቢሞላም ጉልበት አይኖረውም።

የእጅ ፍሬን ተስቦ መኪናን ለረዥም ጊዜ ማቆም በተለይ በክረምት መጥፎ ልማድ ነው። ጫማው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይያያዛል። ሜዳ ላይ ማርሽ አስገብቶ ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ይሻላል። (ድንጋዩ በግቢ ውስጥ ይሁን። መንገድ ላይ ደግፎ ከዚያ ጥሎት የሚሄድ ሹፌር ለኋለኛው መንገደኛ ምን እንደተወለት ራሱ ያውቃል።)

ናፍጣን በተመለከተ፣ ግማሽ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። በውኃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ጥቃቅን ሕዋሳት ይራቡና ጥቁር ልጋግ ይፈጥራሉ፤ ፊልትሮውን የሚዘጋው አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ የምትቆም መኪና ታንኳ ሞልቶ ትቁም። ከፊልትሮው ግርጌ ያለችው መፍቻ በየወሩ ላላ ተደርጋ ውኃው ይፍሰስ፤ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። በእጥረት ጊዜ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ሳይዘቅጥና በንጹሕ ጨርቅ ሳይጠለል ባይጨመር፣ ከታች የቀረውም ባይገለበጥ ጥሩ ነው። አሮጌው የናፍጣ ፖምፓ ትንሽ ቆሻሻ ይችል ይሆናል። የአዲሶቹ ፒካፖች ኢንየቶሪ ግን በከፍተኛ ግፊት ስለሚሠራ ትንሹንም አይታገሥም፤ ዋጋውም ማኅበር የሚያስደነግጥ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናዋ ሄደችም አልሄደችም ይህ አይቀርም። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በሜዳው መንገድ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ፣ ወይም ደጀንን አልፎ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያቋርጥ ጭነት የያዘ መኪና ግን ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና እግሩ የረገጠው ፔዳል ባዶ ይሆናል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ቆጣሪው ጥቂት ማሳየቱ ማንንም አያድንም። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ነው፤ የራዲያተሩም ውኃ እንደዚሁ፤ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ብቻውን ባይጨመርበት ይመረጣል።

ጎማም እንዲሁ በዕድሜ ይሰነጠቃል። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል በአውሮፓውያን 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ይሆናል። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ አይታመንም። ብዙዎቹ አሮጌ የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። እንዲለወጥ የሚያስታውሰው መብራት የሚበራው በኪሎሜትር ነው፤ ዓመት አይቆጥርም። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉና ሞተሩ ይከፈታል።

ለማኅበራት ልዩ የሆነ አንድ ጉዳይ የማዳበሪያ ጭነት ነው። ዩሪያም ሆነ ኤን ፒ ኤስ ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው በጭነት ሳጥኑ ስፌትና በሻንሲው ላይ ተጣብቆ ብረቱን ይበላል። በቀይ አፈር ጭቃ ከተለሰነ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። የሥርጭቱ ወቅት እንዳለቀ ሳጥኑ ምንጣፉ ተነሥቶ፣ ሻንሲው ከሥር በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ በፀሐይም ይድረቅ። ላይዋ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ሥሯ ግን በጣት የሚፈርስ ፒካፕ አይተናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ኮሚቴው ለቆመች መኪና ዘይት መግዛት ብክነት ይመስለዋል፤ ኦዲተር ሲመጣም «ሳትሄድ ለምን ተለወጠ» ብሎ ይጠይቃል። ሆኖም ይህች መኪና ብትበላሽ በምን ትተካለች? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከመቶ ብር አልፏል። ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ተገዝቶ 387 ኪሎሜትር አልፎ ፍኖተ ሰላም የሚደርስ መለዋወጫ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የሁለት ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ ዋጋ ከአንድ የናፍጣ ፖምፓ ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ለጠቅላላ ጉባኤው ቢቀርብ አባላት የሚመርጡትን ያውቃሉ ብለን እናምናለን።

እኛ የምንመክረው በቀን መቁጠሪያ የሚመራ ጥገና ነው። መኪናዋ ጥቂትም ብትሄድ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሚያዝያ መጨረሻ ከማዳበሪያው ጭነት በፊት፣ ሁለተኛው ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ዘይቷና ፊልትሮዋ ይለወጥ፤ ግራሶም ትጠጣ። ይህን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ወስኖ ቢያጸድቀው ሹፌሩም ሆነ ገንዘብ ያዡ በኦዲተር ፊት አያፍሩም። ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ አራት ሰው የሚነዳት መኪና ድምፅዋ ሲለወጥ የሚሰማላት አይኖርም።

ከላይ የጠቀስነው ማኅበር በጥቅምት ስብሰባው ይህንኑ ወስኗል። ዘይቱ የሚለወጥበት ቀን በመጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ከመኪናዋ ሥር ደግሞ የአይጥ ወጥመድ ተቀምጧል፤ ባለፈው ስንሄድ ሦስት ይዞ ነበር።