ውፍረት የማን ዕዳ ነው?

በአገራችን «ወፈርሽ» ማለት ለብዙ ዘመን ምርቃት እንጂ ነቀፌታ አልነበረም። ከገጠር የመጣ ዘመድ አይቶን «ተመችቶሻል» ሲለን ደስ ይለናል፤ «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ሲለን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንብሰለሰል እንውላለን። ረሀብንና የሳንባ ነቀርሳን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ሙላትን የጤና ምልክት አድርጎ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን በከተማ የምንኖር እናቶችና ሠራተኞች ይህን አስተያየት ቆም ብለን የምንመረምርበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ የከተማ ሴቶች መካከል 21 በመቶ የሚሆኑት ከተገቢው ክብደት በላይ እንደነበሩ አሳይቷል። በገጠር ግን 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በላይ የከሱ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ያጣውና የተረፈው ጎን ለጎን ይኖራል ማለት ነው። ስለዚህ «የሚበላ የሌለው ባለበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው አነጋገር አያስኬድም። አንዱ ችግር ስላለ ሌላው አይጠፋም።

ለመሆኑ ወፍራም የሚባለው ማን ነው? መለኪያው የጎረቤት ዓይን አይደለም። ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፣ ክብደቱን ለዚያ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች ሴት 70ን ለ2.56 ስታካፍል 27 ገደማ ታገኛለች። ከ25 ጀምሮ ከተገቢው በላይ፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ሕክምና የሚያሻው ውፍረት ይባላል። ወገባችንን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተን ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ካገኘንም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ከሌላው ይልቅ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣልና። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የስኳር ሕመምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በየቢሮው፣ በየቡናው ላይ የሚሰማው ሐሳብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «አፏን መግታት ያቃታት ራሷ ናት፤ ለእርሷ ሆዳምነት የመንግሥት ሆስፒታል አልጋና መድኃኒት ለምን ይባክናል? ከፈለገች በገንዘቧ በግል ክሊኒክ ትታከም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኑሮው ነው ያወፈረን፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን እየሠራን፣ ርካሹን ዘይትና ስኳር እየበላን ምን እንሁን? መፍትሔው ከመንግሥት ይምጣ» ይላል።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን ጎዶሎ ናቸው።

በግል ኃላፊነት እንጀምር። በእጃችን ያለ ነገር መኖሩን መካድ አይቻልም። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ የምትጠጣና በያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጨምር ሴት በቀን 12 ማንኪያ ትወስዳለች። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ድምሩ 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው የተጨማሪ ስኳር ጣሪያ 50 ግራም ነው። እንግዲህ ለስላሳው፣ ብስኩቱና ኬኩ ሳይቆጠር ድርሻዋን በሻይ ብቻ ጨርሳለች። ዘይትም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 በላይ ካሎሪ አለው። አምስት ቤተሰብ ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ከጨረሰ፣ እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ 270 ካሎሪ ገደማ ከዘይት ብቻ ያገኛል። ጾም ስለሆነ ብቻ ምግቡ ቀላል ነው ብለን የምናስብ ካለን የጾም ወጡንና የአልጫውን ዘይት መለካት ይበጀናል።

ይሁን እንጂ ሰው የሚበላው የወደደውን ብቻ አይደለም፤ ያገኘውንና የቻለውንም ጭምር ነው። ከጧት እስከ ማታ በስፌት መኪና ወይም በጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ የምትውል፣ በታክሲ ሰልፍ ሰዓቷ የሚያልቅ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ምድጃና ልብስ የሚጠብቃት እናት «ስፖርት ሥሪ» ብትባል መቼ ትሥራ? የቤቱ አባወራስ የጓዳውን ሥራ ሲያግዝ የታየው ስንት ቦታ ነው? አትክልትና ፍራፍሬ ሲወደድ፣ ፓስታና ዳቦ ሆድ ሲሞላ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ለልጁ የሚሸጠው ጣፋጭ ሲሆን፣ ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ሴት አፍ ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለዚህ ነው የሕግ ድርሻም የሚያስፈልገው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በለስላሳ መጠጦችና የሚረጋ ስብ በበዛባቸው የምግብ ዘይቶች ላይ ታክስ ጥሏል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ ቀን ሕፃንና አዋቂ በአስፋልት ላይ እንዲሮጥ በር ከፍቶ ነበር። የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የልጆች መጫወቻ ቦታ ለጤና ከመድኃኒት አያንሱም።

የመንግሥትና የግል ሕክምናን ጉዳይ እንመልከት። የግል ክሊኒክ ወረፋው አጭር ነው፤ ሐኪሙም ረጋ ብሎ ሊያነጋግር ይችላል። አቅሙ ያላት ብትጠቀምበት የሚነቅፋት የለም። ነገር ግን ውፍረትና ተከታዮቹ፣ ማለትም ግፊትና ስኳር፣ አንድ ቀን ታክመው የሚድኑ አይደሉም። ዕድሜ ልክ ክትትል ይሻሉ። በየቀጠሮው ለካርድ፣ ለላቦራቶሪና ለመድኃኒት የምትከፍል ደመወዝተኛ፣ ገንዘቡ ያጠራት ወር ላይ ቀጠሮዋን ትሰርዛለች። የተሰረዘ ቀጠሮ ደግሞ ቆይቶ ወለዱን ያስከፍላል። በስኳርና በግፊት ኩላሊቱ ከደከመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሙን በመሣሪያ ማሳጠብ ሊያስፈልገው ይችላል። ያን ጊዜ የቤተሰቡ ጥሪት ይሟጠጣል፤ ሸክሙም ዞሮ ዞሮ በሕዝብ ትከሻ ላይ ይወድቃል። «ለወፍራም ሰው አንከፍልም» የሚለው ወገን በመጨረሻ ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መሠረቱ ይኸው ነው። ከዕድር ብዙም የራቀ አሠራር አይደለም። ዕድር ለቀብር ሲያዋጣ ሟቹ በምን ሞተ ብሎ አይመረምርም፤ ጤናማው ዛሬ ያዋጣል፣ ነገ ተራው የማን እንደሆነ ስለማያውቅ።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠን በአሜሪካ የተካሄደውና ውጤቱ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ጥናት ነው። ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ተካፍለውበታል። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመራመድ የሠሩት በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒት የዋጡት የቀነሰላቸው በ31 በመቶ ነበር። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ልብ በሉ፦ የተራመዱት ራሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን በየጊዜው የሚያነጋግራቸው፣ የሚያስተምራቸው ባለሙያ ተመድቦላቸው ነበር። ሰውየው ያለ ድጋፍ፣ ድጋፉም ያለ ሰውየው ጥረት ያን ውጤት ባላመጣም ነበር።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ ድርሻችንን እንወቅ። ስኳሩን በአንድ ማንኪያ ቀንሱ፤ ዘይቱን ከጠርሙሱ ከማንቆርቆር በማንኪያ ለኩ፤ ለልጁ ምሳ ዕቃ ከብስኩት ይልቅ ቆሎ ወይም ሙዝ አስቀምጡ፤ ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። በሳምንት ውስጥ ያከስላል ተብሎ የሚሸጥ ሻይና ክኒን አትመኑ፤ የሚያስቀምጥ ሻይ የሚያስወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም።

ድርሻችንንም እንደምንወጣ ሁሉ መብታችንን እንጠይቅ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ክብደታችሁን፣ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን አስለኩ፤ «ምን ልብላ? እንዴት ልቀንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጤና ባለሙያዎችም ብትሆኑ፣ ወፍራሟን ሴት በነገር ወግታችሁ አትመልሷት። አፍራ የቀረች በሽተኛ የምትመለሰው በሽታው ከጠናባት በኋላ ነው።