የተወጋው ዓይን ከሳምንት በኋላ የት ደረሰ?

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው ልደታ ክፍለ ከተማ ነው። ሪፈር ተጽፎለት ከየክልሉ የሚመጣ ሕመምተኛ ልጁ እጁን ይዞት መንገድ ሲሻገር ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ ስኳር የዓይኑን ደም ሥር የጎዳበት አለ። ሬቲናው ደም ሲያጥረው አዳዲስ ደም ሥሮች እንደ አረም ይበቅላሉ፤ የዓይኑን ፈሳሽ መውረጃ ይዘጋሉ፤ ግፊቱ ይንራል። ከግላኮማ ሁሉ ክፉው ይህ ነው።

አረሙን የሚያከስመው መርፌ አለ። ርካሹ ቤቫሲዙማብ (አቫስቲን) ለአንጀት ካንሰር የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ለዓይንም መሠረታዊ መድኃኒት ብሎታል። መድኃኒቱ ይጠቅማል፤ ክርክሩ እሱ ላይ አይደለም።

አንድ ብልቃጥ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ለአንድ ዓይን 1.25 ይበቃል። በስሌት 80 ዓይን ማለት ነው። ሲከፋፈል ከተበከለ ጉዳቱ በአንድ ሰው አያበቃም። በ2023 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት በርካታ ሰዎች በዚሁ መርፌ ብርሃናቸውን አጥተዋል።

ጃፓን በ2020 እ.ኤ.አ. አፍሊበርሴፕትን ለዚሁ ግላኮማ ፈቀደች፤ ፈቅዳም አልተኛችም፤ በየክሊኒኩ የሚወጉትን መከታተል ቀጠለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለሙከራ የሚገባው ተመርጦ ነው። የየዕለቱ ታካሚ ግን አርጅቷል፣ ደም ግፊትና ኩላሊት አለበት፣ ቀጠሮ ያልፈዋል።

"መድኃኒቱ በጭንቅ በሚገኝበት አገር ክትትል ቅንጦት ነው" የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። የብልቃጡን ባች ቁጥር፣ የተወጋበትን ቀን፣ የከፈለውን ባለሙያ መመዝገብ ደብተርና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። ከመርፌ የሚመጣ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው አገሩ ገብቷል። ዓይኑ ሲቀላና ሲያመው "መድኃኒቱ እየሠራ ነው" ብሎ ይቀመጣል። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የሚደረግ ስልክ ያን ዓይን ያድናል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 አለ። የሚቀረው እያንዳንዱን የዓይን መርፌ መመዝገብ ግዴታ ማድረግ፣ ውጤቱን በየዓመቱ ለሕዝብ መንገር፣ ጉዳት ያሳወቀ ሐኪምም በማሳወቁ እንዳይቀጣ ዋስትና መስጠት ነው። ሪፖርት ያደረገ የሚወቀስበት ቤት ዝም ማለትን ያስተምራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የመድኃኒቱን ጉዳት የደበቀስ?