የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማቀዝቀዣ፦ ደጋው የሚስማማው፣ ቆላው የሚፈትነው ቴክኖሎጂ

ሥጋ፣ ወተትና ዓሣ ሳይበላሹ ለሸማቹ እንዲደርሱ የሚያደርጉት የንግድ ማቀዝቀዣዎች ከዓይን የተሰወረ ጣጣ አለባቸው። ይኸውም በቧንቧቸው ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ነው። በሱፐርማርኬቶች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው አር-404ኤ የተሰኘ ጋዝ ወደ አየር ሲያመልጥ፣ በ100 ዓመት ስሌት፣ ከእኩል መጠን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3 ሺህ 900 ጊዜ ያህል ምድርን ያሞቃል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ስምምነቱን ያጸደቀችው ኢትዮጵያ የምትገኝበት የታዳጊ አገሮች ምድብ ከ2024 ጀምሮ ፍጆታውን ባለበት እንዲያቆም፣ እስከ 2045 ደግሞ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ይጠበቃል። ስለሆነም ዛሬ የሚገዛ ማቀዝቀዣ ዕድሜው ሳያበቃ ጋዙ ሊወደድ ወይም ከገበያ ሊጠፋ ይችላል።

በአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች በስፋት የተመረጠው አማራጭ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ርካሽ ነው፤ አይቀጣጠልም። ድክመቱ ሙቀት ላይ ነው። ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ምንም ያህል ቢጨመቅ ወደ ፈሳሽነት አይለወጥም። በዚህ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ከ74 ባር በላይ በሆነ ግፊት ለመሥራት ይገደዳል፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ያሻቅባል።

ባለሙያዎች ለዚህ መፍትሔ አላጡም። ኢጀክተር የሚባለው መሣሪያ የጋዙ ግፊት ሲወርድ በከንቱ የሚባክነውን ኃይል መልሶ ለሥራ ያውላል። ተጨማሪ ኮምፕሬሰር በመግጠም ደግሞ በመካከለኛ ግፊት ላይ ያለው ጋዝ እስከ ዝቅተኛው ግፊት ሳይወርድ ከዚያው እንዲጨመቅ ይደረጋል። በደረቅና ሞቃት ስፍራ ወደ ማቀዝቀዣው የሚገባውን አየር በውኃ ማብረድም ይቻላል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ሁለት ገጽታ አለው። እንደ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያሉ የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች የአየር ጠባይ ለቴክኖሎጂው ምቹ ነው። በመተማ፣ በሁመራ ወይም በጋምቤላ ግን ተጨማሪ መሣሪያ ያልተገጠመለት ማቀዝቀዣ በጋዙ ያተረፈውን በኤሌክትሪክ ፍጆታ ይከስራል።

ሌላው ፈተና የመብራት መቆራረጥ ነው። ኃይል ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ጋዝ ይሞቃል፤ ግፊቱም ይጨምራል። መጠባበቂያ ከሌለ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ጋዙን ወደ ውጭ ይለቃል። ጉዳቱ ለአካባቢ አየር እምብዛም ባይሆንም፣ ጋዙ እስኪሞላ ሥራ ይቆማል፤ ሥጋውና ወተቱም ይበላሻል።

በመሆኑም ጥያቄው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ብቻ አይደለም። የትኛው ማቀዝቀዣ፣ ለየትኛው የአየር ጠባይ፣ በየትኛው ባለሙያ እጅ የሚለውም ነው። ይህ ከግዢ በፊት ካልተመለሰ፣ ዋጋው የሚከፈለው በነጋዴው የመብራት ሒሳብና በሸማቹ ኪስ ይሆናል።