«የወፍ በሽታ» እና የሪፈር ወረቀት

በዲላና በአካባቢዋ ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ይቀጠቀጥለታል። አጎቴም ሁለት ወር እንዲሁ ባጁ፤ ለካ የሐሞት ቱቦአቸው በዕጢ ተዘግቶ ኖሯል።

ይህን የሚከፍተው በኢንዶስኮፒ የሚገባ ስቴንት ነው። በተለመደው መንገድ አልገባ ሲል፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ባለው መሣሪያ እየታየ በጨጓራ ወይም በትንሹ አንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ቱቦው ይዘለቃል።

ለዞኑ ይገዛ አላልኩም፤ ባለሙያውም መሣሪያውም ብርቅ ነው። መዘጋቱን የሚጠቁመው ተራ አልትራሳውንድስ ብርቅ ነውን? የይርጋጨፌን ቡና ለዓለም የሚያቀርብ፣ በ2016 ዓ.ም. መልክዐ ምድሩን ዩኔስኮ የመዘገበለት የጌዴኦ ገበሬ፣ ስለምን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ አልጋ ያልተያዘበት የሪፈር ወረቀት ታቅፎ ይሄዳል? ሪፈር ማለት ቀጠሮ፣ አልጋና የጉዞ ወጪ ነው፤ ማኅተም ብቻማ (ይቅርታ ይደረግልኝና) ሽኝት ነው። አጎቴ ያረፉት ተራ ሲጠብቁ ነው።