ሳሙናን በሎሚ ማለዘብ ይቻላልን?

በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ በቤቱ ሳሙና ሠርቶ ለመተዳደር የሚሻ ሰው፣ ምርቱ ቆዳ ሲያቃጥል በሎሚ ሊያለዝበው ያስብ ይሆናል። እኛ ግን ይህን አንደግፍም። የጤናማ ቆዳ ፒኤች 5 ገደማ ሲሆን፣ ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ሳሙና በባሕርዩ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ወደ ቆዳ ፒኤች እናውርደው ብንል ሳሙናው ተመልሶ የቅባት አሲድ ይሆናል፤ ማጽዳቱም ይቀራል። ስለዚህ ማስተካከል የሚገባው ገና ከመነሻው ነው፤ ሶዳው እንደ ዘይቱ ዓይነትና መጠን በሚዛን ይለካ፣ ሳሙናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ፣ ከመሸጡም በፊት በፒኤች ወረቀት ይፈተን። ንባቡ ከ11 ካለፈ ለሰው ገላ አይቅረብ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የለመዱትን ይህን ቀላል ፈተና ለጎረቤት አምራቾች ቢያሳዩ፣ የደንበኛው ቆዳም የአምራቹ እንጀራም ይጠበቃል።